መሐል ደረቱን ስጫነው

ሰኞ 4

ዝናቡ ገባ። አስፋልቱ ሳሙና ሆኗል፤ የሚንሸራተተው ሁሉ መጨረሻው እኛ ድንገተኛ ክፍል ነው። በጠዋቱ ስብሰባ የክፍሉ ኃላፊ በሰው ፊት አመሰገነኝ። አዲሱ መመሪያ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ወዲህ በእኔ ተረኝነት የሚታዘዘው የደረት ሲቲ ስካን በግማሽ ቀንሷል። "ከእሷ ተማሩ" አለ። "ያለን ማሽን አንድ ነው፤ እሱም አርጅቷል። ደረቴን ነካኝ ያለውን ሁሉ ካስገባንበት፣ የእውነት የሚያስፈልገው ሰው ሲመጣ ማሽኑ ራሱ በሽተኛ ሆኖ ይጠብቀዋል።" ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ደስ ሲለኝ ፊቴ ይጠቁራል፤ እናቴ ናት እንዲህ ያሳደገችኝ።

መመሪያው ቀላል ነው። ሳይወጋና ሳይቆረጥ ደረቱን ተመትቶ ለመጣ ሰው ሰባት ጥያቄ ይቀርባል። ዕድሜው ከስልሳ አልፏል? ግጭቱ በከባድ ፍጥነት ነበር ወይም ከከፍታ ወድቋል? ሰክሯል? ቀልቡ ተዛብቷል? የደረቱን ሕመም የሚያስረሳ ሌላ ትልቅ ጉዳት አለው? ራጁ ላይ የሚያጠራጥር ነገር ይታያል? ደረቱን ሲጫኑት ያመዋል? ሰባቱም "የለም" ከሆኑ ወደ ቤቱ፤ አንዱ እንኳ "አዎ" ከሆነ ወደ ሲቲ።

እኔ ለተማሪዎቼ የምጨምረው አንድ ነገር ብቻ ነው። አዎ ማለት አዎ መሆን አለበት። ግማሽ አዎ፣ ሩብ አዎ አላውቅም።

ዘንድሮ ጭምቷ ከእኔ ጋር ተመድባለች። ስፔሻሊስት ለመሆን የምትሠለጥን የሁለተኛ ዓመት ሬዚደንት ናት፤ ስሙን ያወጣንላት እኛው ነን። እጇ ወርቅ ነው፣ ብዙ ታነባለች፣ አፍ ግን አልፈጠረባትም። ስትናገር ጎንበስ ብሎ መስማት ያስፈልጋል። እኔ ደግሞ ወገቤን ያመኛል።

ረቡዕ 6

በችኮላ። ሦስት ተጎጂ በአንዴ። አንዱ እግሩ ተሰብሯል፣ አንዷ ታለቅሳለች እንጂ ምንም የላትም። ሦስተኛው ዕቃ አመላላሽ ሞተረኛ፣ ገና ለግላጋ። መኪና በጎን ገፍታው የሞተሩ መሪ ደረቱን መትቶታል። "ቀስ ብዬ እየነዳሁ ነበር" አለ። ወሬኛ ነው፣ ክፍሉን በሳቅ ሞላው። ራጁ ንጹሕ።

ጭምቷ መረመረችው። "ዶክተር፣ መሐል ደረቱን ስጫነው ፊቱን አጨማደደ። ሲቲ ቢነሳስ?"

"አንቺ በዚያ ክብደትሽ ስትጫኚው ፊቱን የማያጨማድድ ማን አለ?"

አብራን የነበረችው ነርስ፣ ሲስተር፣ በሳቅ ፈረሰች። ልጁም ሳቀ፤ ሲስቅ ደረቱን በመዳፉ ደገፍ አድርጎ። ጭምቷ አንገቷን ደፋች። "ሰባቱም የለም ብለሽ ጻፊና ሸኚው" አልኳት። ጻፈች።

ሲወጣ "ዕቃ የሚልኩት ካለ ይጥሩኝ ዶክተር፤ እንቁላልም ቢሆን ሳልሰብር አደርሳለሁ" አለኝ።

ዛሬ አንድም የደረት ሲቲ አላዘዝኩም።

ቅዳሜ 9

ሞተረኛው ሞተ።

ሲስተር ናት የደወለችልኝ። ቤቱ ጫማውን ሊያስር ጎንበስ እንዳለ ወደቀ አሉ። ሲያመጡት ቀዝቅዞ ነበር።

ባለቤቴ "ምነው?" አለኝ። "ሥራ ነው" አልኩት። ልብስ አጣጠፍኩ። ያጣጠፍኩትን መልሼ አጣጠፍኩ።

እሁድ 10

ረጋ ብዬ ላስብ። ዕድሜ፦ የለም። ስካር፦ የለም። ቀልብ፦ እንኳን ሊዛባ ለሌላም ይተርፋል። ሌላ ጉዳት፦ ጉልበቱ ተልጧል፣ ያ ጉዳት አይባልም። ራጅ፦ ንጹሕ። ፍጥነት፦ ቀስ ብዬ ነበር ብሏል። የመኪናዋን ፍጥነት አልጠየቅሁም። ማንም አይጠይቅም።

ሲጫኑት፦ እዚህ ላይ ነው ነገሩ። ጭምቷ የሆነ ነገር ብላለች። እንደ ልማዷ ከጥርሷ ኋላ ሆና ነው ያለችው። ያመነበትን የሚናገር ሐኪም ግን ጮክ ይላል። እኔ በእሷ ዕድሜ ጠረጴዛ እመታ ነበር። ለሕይወት ሲባል ሰው ይጮኻል እንጂ ይንሾካሾካል?

እኔስ ራሴ ልጫነው አልችልም ነበር? አልጋው አጠገቤ ነበር። ጓንት እንኳ አድርጌ ነበር።

ይህን ማሰብ ውሃ ወቀጣ ነው።

ማክሰኞ 12

የአስከሬኑ ምርመራ ውጤት መጣ። መሐል የደረት አጥንቱ ተሰንጥቋል። ከልብ የሚወጣው ዋናው የደም ቧንቧ በስሱ ተቀዶ፣ እንደ ወረቀት በሳሳ ሽፋን ተይዞ ሰንብቶ ፈነዳ። እሱ በዚህ መሐል ሥራ ገብቷል። ዕቃ አመላልሷል።

ሲቲ ያሳየው ነበር? የክፍሉ ኃላፊ ቢሮው ጠርቶ ይህን ጠየቀኝ። "ያሳየው ነበር" አልኩት። "የመረመረው ማን ነው?" አለ። የመረመረችው ጭምቷ ናት። ፊርማውም የእሷ ነው። ይህን ነው የነገርኩት። ሌላ ምንም አላልኩም፤ በሰው ላይ ክፉ መናገር አልወድም።

"እኔና አንቺ ስንት ዘመን እንተዋወቃለን" አለኝ። "ይህን መመሪያ ሁሉም ሰው የአንቺ ነው የሚለው። በከንቱ እንዲበላሽ አልፈልግም።" ስለ መመሪያው ነው ያወራው። ስለ መመሪያው ብቻ።

ሐሙስ 14

ሲስተር ልብስ መቀየሪያው ክፍል አገኘችኝ። በሩን ዘጋች።

"ዶክተርዬ፣ ሰኞ ስለ ልጁ ሞት በሚደረገው ስብሰባ እኔንም ጠርተውኛል።"

"ምን ልትዪ ነው ታዲያ?"

"ምን እላለሁ? ያን ቀን ጫጫታ ነበር። ሴትየዋ ታለቅሳለች፣ ልጁ ይቀልዳል። ጭምቷ አንዲት ቃል ስትናገር ሰምቼ ከሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው!"

ስለ ጆሮዋ ስትጠየቅ በዓይኗ ማለች። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ፤ እሷም ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ቆርጣ "አንዳንዱን ነገር ሆድ ይፍጀው" አለች። ስትወጣ ዞር ብላ፣ የቅዳሜና እሁድ ተራ ጉልበቷን እንደጎዳት፣ ፕሮግራሙን የማወጣው እኔ መሆኔን አስታወሰችኝ።

የእውነትም ጉልበቷን ያማታል። አየዋለሁ።

ሰኞ 18

ስብሰባው አለቀ።

ጭምቷ ከጠረጴዛው ጫፍ ተቀምጣ ነበር። እጆቿ ጭኗ ላይ። የክፍሉ ኃላፊ ጠየቃት፣ እሷም መለሰች፣ ማንም አልሰማም።

"ጮክ በይ!"

"ተናግሬ ነበር" አለች። "መሐል ደረቱን ስጫነው ፊቱን አጨማደደ ብዬ ተናግሬ ነበር።"

"ካመመው ታዲያ ለምን የለም ብለሽ ጻፍሽ?"

ወደ እኔ አየች። ሁሉም ወደ እኔ አየ። ትከሰኛለች ብዬ ነበር። አልከሰሰችኝም። እንደ ልጅ ነው ያየችኝ፤ እናቷ አንድ ነገር ትልላታለች ብላ እንደምትጠብቅ ልጅ።

"ነግራሽ ነበር ወይ?" አለኝ ኃላፊው።

"አላስታውስም" አልኩ። "በጣም ሥራ የበዛበት ሰዓት ነበር።"

ውሸት አይደለም። በዚያች ደቂቃ የማስታውሰው የጠረጴዛውን ጠርዝ ብቻ ነበር። ሲስተርም አልሰማሁም አለች፤ ዓይኗን ግን አላነሳችም።

ከስብሰባው በኋላ ጭምቷ ኮሪደር ላይ ጠበቀችኝ። "ዶክተር፣ እርስዎ እኮ ስለ ክብደቴ..." ብላ አቋረጠችው። አንጀቴን በላችው። ትከሻዋን ያዝኳት። "ስሚኝ" አልኳት፤ "እንቅልፍ አጥተሻል። ድካም መጥፎ ነው፤ ልንል ያሰብነውን ያልነው እንዲመስለን ያደርጋል። እኔም ስንቴ ደርሶብኛል።"

"ድካም?" አለች።

"ድካም።"

ስታስበው ቆየች። ልጅቷን ለማጽናናት ነው ያልኩት።

ሰኞ፣ ከራት በኋላ

ባለቤቴ መምህር ነው፤ የፈተና ወረቀት እያረመ ስለ ስብሰባው ጠየቀኝ። በደህና አለቀ አልኩት።

"ልጅቷስ?"

"የቷ ልጅ?"

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። "ያቺ ስንቴ ቤታችን መጥታ የበላችው፣ እንደ እሷ ያለ እጅ አይቼ አላውቅም ብለሽ የምታመሰግኛት። አንቺ እኮ ነሽ ከስንቱ መሐል መርጠሽ ያስቀረሻት።"

"ሐኪም ስህተቱን መሸከም መማር አለበት" አልኩት።

"እውነትሽን ነው" ብሎ እርማቱን ቀጠለ። ድምፁ ውስጥ ምንም አልነበረም። ምንም ስላልነበረበት ተናደድኩ፤ ሳህኑን ሳጥብ ሰበርኩት።

ዓርብ 22

የሞተረኛው እናት መጡ። ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ኮታቸው ላይ መርፌ ከነክሩ ተሰክቶ ረስተውታል። "ልጄን ያየውን ሐኪም አሳዩኝ" ብለው በሩ ላይ ቆሙ። ጥበቃው ሊመልሳቸው ሲል እኔ ወጣሁ። ወንበር ሰጠኋቸው፣ ውሃ አስመጣሁ፣ እጃቸውን ይዤ ሁሉንም በሚገባቸው ቋንቋ አስረዳኋቸው፦ ቧንቧው፣ ቀዳዳው፣ ሲቲው። ሌላው ሁሉ እየሸሸ ነበር። እኔ አልሸሸሁም።

በዚህ መሐል ጭምቷ ፋይል ይዛ ብቅ አለች። የመጨረሻው ውሳኔ እስኪሰጥ ከበሽተኛ አርቀናት ወረቀት ታመላልሳለች። አንዱ ምን ነክቶት እንደሆነ እንጃ "እሷ ናት" አላቸው።

እናትየው ተነሡ። አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻል ነበር።

"ልጄን በእጅሽ ነክተሽዋል?"

"አዎ እማማ።"

"ስትነኪው አመመው?"

ጭምቷ እኔን አየች። ስልኬ እጄ ላይ ነበር፤ መልእክት ገብቶ ነበር መሰለኝ።

"አመመው ወይ ነው የምልሽ?"

"አመመው" አለች።

"አውቀሽ ነዋ!" አሉ። ፋይሉን ከእጇ ነጥቀው ፊቷን መቷት፤ ወረቀቱ ኮሪደሩን ሞላው። "እጅሽ ይቆረጥ! የወለድሽው አይቁምልሽ!" እሷ ተንበርክካ ወረቀት ትለቅማለች፤ እሳቸው ከላይዋ ቆመው ይረግማሉ። ማንም አላገዛትም። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል ይባል የለ።

ስሸኛቸው አንገቴ ላይ ተጠምጥመው አለቀሱ። "አንቺ ባትኖሪ ማን እውነቱን ይነግረኝ ነበር ልጄ" አሉኝ። የረሱት መርፌ አንገቴን ጫረኝ። ምንም አላልኩም፤ ሐዘንተኛ ናቸው።

ማክሰኞ 26

ዛሬም ሲቲ፣ ሲቲ፣ ሲቲ። ከአግዳሚ ወንበር የወደቀ ተማሪ። ኳስ ደረቱን የመታው ጎረምሳ። ከባሏ ተጣልታ በር የነካት ሴት። ሰባቱም "የለም"፤ እኔ ግን ላኩ አልኩ። እጄን ደረታቸው ላይ ሳደርግ ሁሉም ፊታቸውን የሚያጨማድዱ ይመስለኛል። "ያማል?" እላለሁ። "አያምም" ይላሉ። እንደገና እጫናለሁ። አንዱ "ኧረ ዶክተር፣ እርስዎ ነዎት የሚያሳምሙኝ!" አለኝ።

ኃላፊው አስጠራኝ። "ምን ሆነሻል? ያንቺ ሰዎች ብቻ ወረፋውን እስከ በር አደረሱት። የምትልኪው እኮ በሽተኛ አይደለም፤ ፍርሃት ነው።"

"ጥንቃቄ ነው" አልኩት።

"ያኔ ነበር ጥንቃቄው" አለ። ወዲያው ስልክ አነሣ፤ ያልጮኸ ስልክ።

ቅዳሜ 30

ሲቲው ቆመ። ሐሙስ ጠዋት ነው ድምፅ አሰምቶ የጠፋው፤ መለዋወጫ እስኪመጣ አይሠራም።

ዛሬ ጡረተኛ አዛውንት ከደረጃ ወድቀው መጡ። ሰባ አልፏቸዋል፣ ከላይ እስከ ታች ተንከባለዋል፣ ደረታቸው ሲነካ ያቃስታሉ፣ ራጁም ደመና ነው። መመሪያው ለማን እንደተጻፈ የሚጠይቅ ቢኖር እሳቸውን ማሳየት ነው። ማሽን ግን የለም። በአምቡላንስ ወደ ሌላ ሆስፒታል ላክናቸው። መንገዱን ጎርፍ ይዞታል። ደርሰው ከአምቡላንሱ ሲያወርዷቸው አልፈዋል።

ልጃቸው ከዚያው ሆስፒታል ደወለ። "ማሽናችሁ ለምንድን ነው የተበላሸው?" አለኝ። "አርጅቶ ነው" አልኩት። እውነት ነው። ያረጀ ማሽን ነው። ሁሉም ያውቃል።

ራት አልበላሁም። ባለቤቴ አልጠየቀኝም። በቅርቡ ብዙ ነገር አይጠይቀኝም።

አዲስ ወር፣ ማክሰኞ 3

ውሳኔው ወጣ። ጭምቷ ከሥልጠናው ተሰናብታለች። እኔ በወሰነው ኮሚቴ ውስጥ ነበርኩ፤ ድምፄን ግን አልሰጠሁም። ስለማውቃት አድልዎ እንዳይመስል ብዬ ነው። ያለእኔም አልፏል።

ምሳ ሰዓት ወጣት ሐኪሞቹ አዳራሹ ውስጥ ይቀልዳሉ። አንዱ የጓደኛውን ደረት እየተጫነ፣ በቀጭን ድምፅ "ፊቱን አጨማደደ፣ ግን የለም ብዬ ልጻፍ?" ይላል። ጠረጴዛው በሳቅ ተናወጠ። አንዷ ብቻ አልሳቀችም። "አሠልጣኟ ዶክተርስ የት ነበረች ያኔ?" ስትል ሰማኋት። ሲያዩኝ ጸጥ አሉ። ሳህኔን ይዤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ልጅቷን ከየትኛው ትምህርት ቤት እንደመጣች ጠየቅኋት። ስሟንም ጠየቅሁ። ድምፅዋ ሲንቀጠቀጥ ጎንበስ ብዬ ሰማኋት።

አሁን ሳስበው፣ ጭምቷ አልነገረችኝም። ብትነግረኝ ኖሮ ሲቲ አዝ ነበር። እኔ የተነገረኝን የማልሰማ ሰው አይደለሁም።

ረቡዕ 11

ጭምቷ መጣች። መታወቂያዋንና የልብስ ሳጥኗን ቁልፍ ልታስረክብ ነው። ከስታለች፤ ቀሚሷ ከትከሻዋ ይንሸራተታል። ቁጭ በይ አልኳት። ቆማ ቀረች።

"ዶክተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ ነው። ለይግባኝ አይደለም፤ ለማንም አልናገርም። ለራሴ ነው።"

"ጠይቂ።"

"ያን ቀን ተናግሬ ነበር?"

ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን ወረቀት አስተካከልኩ።

"በፊት እርግጠኛ ነበርኩ" አለች። "አሁን ሳስበው አፌ ሲንቀሳቀስ ይታየኛል፣ ድምፁ ግን አይሰማኝም። ሲስተርን ጠየቅኋት፣ 'ኧረ ልጄ፣ አልሰማሁም' አለችኝ። እርስዎም አላስታውስም አሉ። ከዚያ ያሉኝን አሰብኩት፤ ድካም ያሉኝን። ቤት ውስጥ እናቴን አሥር ጊዜ 'አሁን ተናግሬያለሁ? ሰምተሽኛል?' እላታለሁ። ፈርታኛለች። ሐኪም ቤት ውሰዱልኝ ትላለች።" ፈገግ ለማለት ሞከረች። "ከተናገርኩ ተናግረሻል ይበሉኝ። ካልተናገርኩም አልተናገርሽም ይበሉኝ። የትኛውም ይሁን፣ እችለዋለሁ። መሐሉን ነው ያልቻልኩት። እርስዎ የሚሉኝን አምናለሁ።"

ድምፅዋ ጥርት ብሎ ነበር የሚሰማው። ጎንበስ ማለት አላስፈለገኝም። በሩ ዝግ ነው፤ ከእኛ በቀር ማንም የለም፤ ምንም ብላት ከዚህ ክፍል አይወጣም ነበር።

"አልተናገርሽም" አልኳት።

ዓይኗን ጨፈነች። ትከሻዋ ቀስ እያለ ወረደ፤ ማደንዘዣ ተወግቶ ሕመሙ እንደለቀቀው ሰው።

"እሺ" አለች። "እግዜር ይስጥልኝ። ያበድኩ መስሎኝ ነበር።" ቀጥላም፣ "እንግዲያው ልጁን የገደልኩት እኔ ነኝ ማለት ነው።"

"እንደዚያ አትበዪ። ማንም ይሳሳታል።"

ቁልፉን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ጉንጬን ሳመችኝ፤ ጉንጯ እርጥብ ነበር። ከበሽተኛ ጋር ዳግመኛ እንደማትሠራ ነገረችኝ። ጥሩ አስበሻል አልኳት።

በመስኮት አየኋት። ዝናቡ አባርቷል። ግቢውን ስታቋርጥ ቀጥ ብላ ነበር የምትሄደው፤ ስትገባ ከነበረችው ይልቅ ቀሏታል። መልካም ነገር አደረግሁላት። ሰው በሁለት ነገር መሐል ተንጠልጥሎ አይኖርም።